ሌሊት የሚጎድል ዓሣ

የገዛ እህቷን ልትሰልል ነው ጎህ ሳይቀድ ከተዘጋ ሱቅ ጀርባ የቆመችው። ሱቁ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው፤ ቀን ቀን ደብተርና ማስቲካ ይሸጥበታል፣ አሁን ቆርቆሮው ወርዶ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ሴትዮዋ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ግራ ጉልበቷ ዝናብ ሊመጣ ሲል አስቀድሞ ይነግራታል። ሃያ ዓመት የትምህርት ቤቱን ወጥ ቤት ይዛ ጭልፋ ከእጇ ስለማይለይ ሦስት መቶ ተማሪ «እማማ ጭልፋ» ይላታል፤ መምህራኑም ዋና ስሟን ከረሱት ቆይተዋል። እንዲህ ያለች የተከበረች ሴት እንደ ሌባ ተሸጉጣ ሌባ ስትጠብቅ ሰው ቢያያት ምን ይላል? «ወይ ጉድ፣ ወይ ቅሌት!» አለች ለራሷ፣ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ እየሳበች። ከቦታዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዛ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ስትሄድ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ውስጥ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ይናገራል። ሰብሳቢው ጡረታ የወጣ ሥጋ ሻጭ ነው፤ ድምፁ አሁንም ገበያ መሃል የቆመ ይመስል በር ቢዘጉበትም አይታፈንም። «ሠላሳ ዓመት ሥጋ ሸጫለሁ» ይላል፤ «ማታ የሰቀልኩት ሥጋ ጠዋት አሥር ኪሎ፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ጎድሎ አይቼ አላውቅም። ከጎደለ ሰው ነክቶታል። የሚነካው ደግሞ ቁልፍ ያለው ነው። ነገ አራት ሰዓት ላይ ወይ ሌባውን አምጡልኝ፣ ወይ ዓሣው ይቅርና ወደ ባዶው ሩዛችን እንመለስ!» ዳይሬክተሩ የመለሰው አልተሰማትም፤ እሱ ሲናገር ለራሱም የሚሰማ አይመስልም። እማማ ጭልፋ ጥቂት ቆማ በሩን በክርኗ ገፋች፣ ሻዩን አስቀመጠች፣ «ስኳር ልጨምር?» አለች፣ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቆጠረች። የወጥ ቤቱ ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ እሷ ናት፣ ሌላዋ ረዳቷ የሆነች ታናሽ እህቷ።

«ዓሣው ይቅር» ማለት ሥጋ ሻጭ ለነበረ ሰው ቀላል ነው። እሷ ግን ከዓሣው በፊት የነበረውን ጊዜ አልረሳችውም። ያኔ ሥጋ እንዲህ ተወድዶ፣ ሥጋ ቤት በር ላይ ቆሞ ማየት ራሱ ሊያስከፍል ምንም አልቀረውም ነበር። ልጆቹ ባዶ ሩዝ በቲማቲም ውሃ በልተው ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ላይ ይደፋሉ፤ መምህራኑ ሰነፎች ናቸው ይሉ ነበር። የጤና ጣቢያው ነርስ መጥታ የልጆቹን ክንድ የምግብ እጥረት በቀለም በምታሳይ ሪባን ስትለካ አርባ አንድ ልጅ ቢጫው ላይ ወደቀ። ቢጫ ማለት፣ ነርሷ እንዳስረዳችው፣ ቀዩን በር እያንኳኳ ያለ ልጅ ማለት ነው። ሐይቁ እኮ ከከተማው ጫፍ ላይ ነው፣ ዓሣው ከአፍንጫቸው ሥር እየተጫነ ወደ ሆቴል ይሄዳል! በሳምንት ሁለት ቀን ረቡዕና ሐሙስ ዓሣ ይብሉ የተባለው ያኔ ነው። ወላጆች ጮኹ፤ አጥንት ያንቃቸዋል፣ ይሸታል፣ ልጄ አልለመደም። እማማ ጭልፋ ዓሣውን ቀቅላ፣ ሥጋውን በጣቷ ከአጥንቱ ለቅማ፣ ከካሮትና ከቲማቲም ጋር ስጎ አድርጋ ሩዙ ላይ ስታፈስላቸው ግን ሳህን የሚልስ ልጅ በዛ። ባለፈው ልኬት ቢጫው ላይ የቀሩት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። የልኬቱ ወረቀት ዳይሬክተሩ ቢሮ ተለጥፏል፤ እሷም ሻይ ይዛ በገባች ቁጥር ሳታየው አትወጣም። ልጅ ባትወልድም እነዚያን ሠላሳ ሁለት ልጆች የወለደቻቸው ያህል ነው የምትኮራባቸው።

ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ ነው ነገር የተበላሸው። አጥማጆቹ በእርጥብ ጆንያ ጠዋት ጠዋት የሚያመጡት ዓሣ ቀርቶ አንድ አቅራቢ በረዶ የሆነ ዓሣ በሳጥን ማምጣት ጀመረ። ንጹሕ ነው፣ ዝንብ አያርፍበትም ተባለ። በዋዜማው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል፣ እሷ መዝና ትፈርማለች፤ ሃምሳ ኪሎ፣ ልክ እንደ ቀድሞው፤ ሌሊቱን ወጥ ቤቱ ገንዳ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ድስት ውስጥ ሲገባ ግን አይበቃም። ክፍላቸው ከግቢው ዳር ስለሆነ ሁልጊዜ የሰልፉ ጭራ የሚሆኑት የአንደኛ ክፍል ልጆች፣ እነዚያ ሚጢጢዎቹ፣ ሩዝና መረቅ ብቻ ይዘው ይመለሳሉ። ሰብሳቢው ይህን ሰምቶ አንድ ቀን በጠዋት የራሱን ሚዛን ተሸክሞ መጣ። ሠላሳ ስምንት ኪሎ! በረዶ መሆኑን እሷም አልሳተችም፤ ግን በረዶ ምን ይመዝናል? አንድ ኪሎ? ሁለት ይሁን። አሥራ ሁለት ኪሎ ዓሣ ክንፍ አውጥቶ አይበርም።

ከዚያ ወዲያ ነው ጥርጣሬ ቤቷ የገባው። ያለፈው እሑድ እህቷ ቤት ጎራ ብላ ነበር። እህቷ በአንዲት ክፍል ቤት ሁለት ሕፃናት ይዛ ትኖራለች፤ ባሏ ሥራ ልፈልግ ብሎ እንደወጣ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። አልጋው፣ ምድጃው፣ የልጆቹ ጫማ፣ ሁሉም ከአንድ ወንበር ላይ ሆነው የሚደረስባቸው ናቸው። የልጆቹን ጉንጭ ስታይ ደነገጠች። ወገግ ብለዋል! የአምስት ዓመቱም የሦስት ዓመቷም ጉንጫቸው ሙሉ፣ እግራቸው ጠንካራ። ቤቱ ደግሞ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። «ምን አብልተሻቸው ነው እንዲህ ያማረባቸው?» አለቻት እየሳቀች። «ያገኘሁትን» አለች እህቷ፣ የድስቱን ክዳን ቀስ ብላ ገጠመችው። ከዚያ በኋላ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ዘይት ዋጋ ብዙ ተጨዋወቱ፤ ስለ ድስቱ ማንም አልተነፈሰም። እናታቸው ስትሞት ይህችን እህቷን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ፊቷን ታነባለች። የዚያን ቀን ያነበበችው ግን አልጣማትም።

እነሆ እህቷ መጣች። ጥቁሯን ቦርሳ በትከሻዋ አንግታ፣ እንደ ልማዷ ከነፋስ እየተሽቀዳደመች። ዘበኛው ከፈተላት፤ የወጥ ቤቱ መብራት በራ። እማማ ጭልፋ መንገዱን ተሻግራ በአጥሩ ቀዳዳ አየች። ብዙም አልቆየ፣ እህቷ በጓሮ በር ብቅ አለች። በእጇ ባልዲ ይዛለች። ባልዲው ከባድ ነው፤ ወገቧ ወደ አንድ ጎን ዘሟል። ወደ ጓሮው አጥር፣ ወደ ጨለማው ሄደች፤ ባዶውን ይዛ ተመለሰች። ሁለተኛውን ይዛ ሄደች፤ ባዶውን ይዛ ተመለሰች። ከአጥሩ ማዶ መንገድ አለ። መንገድ ላይ ደግሞ ማን እንደሚጠብቅ ማን ያውቃል? ሄዳ መያዝ ነበረባት፤ ሄዳ «ምንድነው ይሄ?» ማለት ነበረባት። ከቀዳዳው ግን አልራቀችም። እህቷን ሌባ ሆና ፊት ለፊት ከምታያት ከሩቅ ብታያት ይሻላታል፤ ፈሪ ልብ እንዲህ ነው።

ፀሐይ ስትወጣ እንደማንኛውም ቀን በበሩ ገባች። ዘበኛው፣ ነገር የማያልፈው ሽማግሌ፣ ከላይ እስከ ታች አያትና «ዛሬ ከወዲያ ማዶ ነው የመጣሽው? ሰፈር ቀየርሽ እንዴ?» አላት። «ጉዳይ ነበረኝ» አለች። «ጉዳይስ ጥሩ ነው፤ ብቻ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲሉ ሰምቻለሁ» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ወለሉ ተወልውሎ ደርቋል፣ ገንዳው ታጥቦ ተደፍቷል፣ ዓሣው በሰፌድ ላይ ተዘርግቷል። እህቷ ቢላዋ እየሳለች «እትዬ፣ ደህና አደርሽ? ጉልበትሽስ?» አለቻት። «ይመስገን» አለች እማማ ጭልፋ፣ ፊቷን ሳታያት። ዓሣውን አንስታ ሚዛኑ ላይ አደረገች። ሠላሳ ስምንት። እህቷ ቀና ብላ አየቻት፣ ለምን እንደምትመዝን አልጠየቀችም፣ ወደ ቢላዋዋ ተመለሰች። አለመጠየቋ ራሱ ለእማማ ጭልፋ ምስክር ሆነባት። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዓሣ መጥረግ ጀመሩ፤ ጭንቅላቱ ወደ ቆሻሻው ባልዲ፣ ሥጋው ወደ ድስቱ። እህቷ ስለ ቲማቲም ዋጋ አነሳች፤ ትናንት ስትገዛ ባለ ቲማቲሟ የተሰነጠቀውንም ከደህናው ጋር በአንድ ዋጋ ልታስታቅፋት እንደነበር፣ እሷም «ይሄማ ገና ድስት ሳይገባ ስጎ የሆነ ነው» ብላ እንዳሳቀቻት አወራች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እማማ ጭልፋ በዚህ ትንፈቀፈቅ ነበር። አሁን «እህ» ብቻ አለች። እህቷም ወሬውን ትታ ዓሣውን ፋቅ ፋቅ ማድረግ ያዘች።

አራት ሰዓት ሲሆን ሁለቱም ተጠሩ። ቢሮው ጠባብ ነው፤ ሰብሳቢው አንዱን ወንበር ሞልቶ፣ ዳይሬክተሩ ከወረቀት ክምሩ ጀርባ ተሸሽጎ፣ እነሱ ቆመው። ሰብሳቢው ስለ ሃምሳና ስለ ሠላሳ ስምንት አንድ ጊዜ ዘረዘረና «ሃያ ዓመት ስላገለገሉን እርስዎን አንጠረጥርም» አላት፤ «ግን የሚያውቁት ካለ ዛሬ ይናገሩ። አለበለዚያ ዓሣው ከዛሬ በኋላ የለም፤ ቃለ ጉባኤው አሥር ሰዓት ላይ ይፈረማል።» ግድግዳው ላይ የነርሷ ወረቀት ይታያታል። ዘጠኝ። ነገ አሥራ አምስት፣ ከነገ ወዲያ ሃያ ይሆናል። እህቷ አጠገቧ ቆማ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች፤ ምን እንደተፈለገ ገና አልገባትም። እማማ ጭልፋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ዛሬ ጠዋት» አለች፤ «በአጥሩ ቀዳዳ አይቻለሁ። ሁለት ባልዲ ወደ ጓሮ አጥር ስታወጣ። ሙሉ ሄዶ ባዶ ተመለሰ።»

እህቷ ዞር ብላ አየቻት። አፏ ትንሽ ተከፍቷል።

«ባልዲው ውስጥ ምን ነበር?» አለ ሰብሳቢው።

«ውሃ።»

«የምን ውሃ?»

«የዓሣው ውሃ ነዋ።»

ሰብሳቢው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሰምታችኋል? ዓሣው ውሃ ወልዶ አደረ!» ዳይሬክተሩም ለትብብር ፈገግ አለ። እማማ ጭልፋ ሳቁን ስትሰማ በእህቷ ውሸት እሷ አፈረች። በዚያ ሐፍረት ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ለእህቷ አዳልታለች እንዳትባል ይሁን ወይ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ፣ በኋላም ደጋግማ ራሷን ብትጠይቅ መልሱን ያላገኘችለትን አንድ ቃል ተናገረች። «ቦርሳዋም ይታይ» አለች።

ቦርሳው ከወጥ ቤቱ መስቀያ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተከፈተ። በፌስታል የተቋጠረ ነገር ወጣ። ዘጠኝ የዓሣ ጭንቅላትና አንድ ጭብጥ የሚያህል አጥንት። ሰብሳቢው ድል እንዳደረገ ሰው ወደ ኋላ ተደገፈ። «ከቆሻሻው ባልዲ ነው ያወጣሁት» አለች እህቷ ድምፅዋ እየተቆረጠ፤ «የሚጣለውን ነው። ቀቅዬ መረቁን ለልጆቼ…» አልጨረሰችውም። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን እያገላበጠ፣ ዛሬን እስከ መውጫ ሰዓት ትሥራ፣ ከነገ ጀምሮ ግን እንዳትመጣ፣ በፖሊስ ከመክሰስ ይህ ይሻላል አለ። ዓሣው ይቀጥላል፤ ሌባው ተገኝቷልና። እማማ ጭልፋ የፈለገችውን አገኘች። ደስ ይበላት እንግዲህ! ደረጃውን ሲወርዱ እህቷ ከፊት ነበረች፤ ዞር ብላ አላየቻትም።

ምሳ ሰዓት ልጆቹ እየተገፋፉ ተሰለፉ። እማማ ጭልፋ በጭልፋዋ ስጎውን እየቀነሰች፣ እየቆጠበች፣ ለጭራዎቹ ልታደርስ ሞከረች፤ ግን የአንደኛ ክፍሎቹ ሲደርሱ ድስቱ ተራቁቷል። አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ሳህኗን ዘርግታ «የኔ ዓሣ የታለ?» አለቻት። «ነገ» አለቻት፤ «ነገ ሐሙስ እጥፍ አደርግልሻለሁ።» ሌባው ተይዞ የለ! ሐሙስማ ሃምሳው ሃምሳ ይሆናል።

ሰባት ሰዓት ላይ ያልተለመደ ነገር ሆነ። ማታ የሚመጣው የአቅራቢው መኪና በጠራራ ፀሐይ መጣ። ሾፌሩ መኪናው ጋራዥ እንደሚገባ ተናግሮ የነገውን ሳጥን አወረደ፤ ሃምሳ ኪሎ ተመዘነ፣ እሷም ፈረመች። ሾፌሩ ከሄደ በኋላ ነው የተናደደችው። በዚህ ሙቀት፣ በዚህ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ እንዴት አድርጎ ነው ለነገ የሚያድረው? ማቀዝቀዣ እንደሌላቸው ያውቅ የለ! ዛሬውኑ ጠርገው፣ ቀቅለው፣ ጨው ነስንሰውበት ካላሳደሩት ይሸታል። እንደ ድንጋይ የጠጠረውን ክምር ገንዳው ውስጥ ገለበጠችና እንዲላቀቅ አጠገቡ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወዴትም አልሄደችም። የእህቷ የመጨረሻ ቀን ነው፣ ቂም ይዛለች፣ ይህን እንኳ ሳትነካ አታልፈውም ብላ ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም። እህቷ ወዲያ ጥግ ቁጢጥ ብላ ድስት ትፈትጋለች። ድስቱ ከጠራ ቆይቷል፤ እሷ ግን ትፈትጋለች።

አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። በረዶው ጠብ ጠብ ሲል ልብ ብላ አላዳመጠችውም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ዓሣው ተላቅቆ እንደሆነ ለማየት እጇን ገንዳው ውስጥ ሰደደች፤ እጇ እስከ ክርኗ ገባ። በጣቷ ዓሣ ብትፈልግ ውሃ ነው። ጎንበስ ብላ አየች። ያ ገንዳውን ሞልቶት የነበረ ክምር ወርዶ፣ ዓሣዎቹ በውሃ ውስጥ እዚህም እዚያም ተኝተዋል። ባልዲ አነሳችና ቀዳች። አንድ ባልዲ ሞላ። አላለቀም። ሁለተኛውን ቀዳች፣ እሱም ሞላ። ዓሣውን አውጥታ መዘነችው፤ ሠላሳ ስምንት። ሁለቱን ባልዲ ውሃ መዘነች፤ አሥራ ሁለት። እንደገና መዘነች፤ ያው ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ዓይኗ ሳይከደን የጠበቀችው ዓሣ፣ ሌባዋን ከፊቷ አስቀምጣ የጠበቀችው ዓሣ፣ እዚያው እፊቷ አሥራ ሁለት ኪሎ ጎደለ።

ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «አንቺ» አለች በመጨረሻ፤ «ውሃውን ለምንድነው ሁልጊዜ እኔ ሳልመጣ የምትደፊው?»

እህቷ ድስቱን አስቀመጠች። «ባለፈው ክረምት ወለሉ ረጥቦ ወድቀሽ አልነበር? ጉልበትሽን ብዬ ነው» አለች። እንደ ወቀሳም አላለችው። እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረችው፣ እሱ ነው እማማ ጭልፋን የገደላት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ቢሆንም መሮጥ ነበረባት፣ ሮጠች። አንዱን ባልዲ በአንድ እጇ፣ ሌላውን በሌላው፣ በዚያ ጉልበቷ ደረጃውን ወጣች። ዳይሬክተሩና ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤውን ሊፈርሙ ብዕር አንስተዋል። ባልዲዎቹን ጠረጴዛው ላይ፣ ከወረቀቱ መሃል ደንቀር አደረገቻቸው፤ ውሃው ቃለ ጉባኤው ላይ ፈሰሰ። «ሌባው ይኸውላችሁ!» አለች። ዳይሬክተሩ ወርዶ በዓይኑ አየ፣ በእጁ መዘነ፣ እንደገና ወጣ። ሥጋ ሻጩ ውሃው ላይ አፈጠጠ። ሥጋ ሰቅለህ ውሃ አይወጣውም፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማረው ይህ ብቻ ነው። «አቅራቢውን ማን ነበር ያመጣልን?» አለ ዳይሬክተሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በሚሰማው ድምፅ። ሰብሳቢው ጫማውን አየ። እማማ ጭልፋም ጫማውን ሲያይ አይታዋለች፣ አልረሳችውም። ከሚመጣው ሳምንት አጥማጆቹ ይመለሱ፣ ልጅቷም ነገ ትምጣ ተባለ። «ንገሯት እንግዲህ» አለ ዳይሬክተሩ፣ ጃንጥላ ረስታ የሄደች ሰው ትመለስ የሚል ያህል አቅልሎ።

ሰብሳቢው ግን ተሸንፎ መውጣት ደስ አላለውም። «የውሃውስ ይሁን፤ ጭንቅላቱስ? እሱም የትምህርት ቤቱ ንብረት አይደለም እንዴ?» አለ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረባት። ዝም አላለችም። እህቷን ልትከላከል ደሟ ፈላ። «የሚጣል ነበራ! ቆሻሻ ባልዲ ውስጥ ገብታ ነው የለቀመችው! እኔ ሃያ ዓመት ያበሰልኩት ሴትዮ የማላውቀውን እሷ አውቃ! የጭንቅላቱ መረቅ፣ ያ ለስላሳ አጥንት ተፈጭቶ ሲገባበት፣ ከሥጋው ይበልጣል ብላ ነርሷ ነግራኝ አልሰማኋትም። የእህቴን ልጆች ሄዳችሁ እዩአቸው! ጉንጫቸውን እዩት! በሌላ በምንም አይደለም፣ በዚያ በተጣለ ጭንቅላት ነው እንዲያ የፋፉት!»

ሰብሳቢው ቀና አለ። «እንዲህ ከሆነማ» አለ በቀስታ፤ «ለተማሪዎቹ ነው የሚገባው። ከነገ ጀምሮ ጭንቅላቱም አጥንቱም ድስት ይግባ።» ዳይሬክተሩ ጻፈው። እውነቱን ነው፣ ሙግት የለውም፤ ለሦስት መቶ ልጅ ይጠቅማል፣ የአንደኛ ክፍሎቹም ይደርሳቸዋል። እማማ ጭልፋ አፏን ከፈተች፣ ግን ምን ትበል? «ለሁለቱ ይቅርላቸው» ትበል? ባልዲዎቹን ይዛ ደረጃውን ወረደች። እያንዳንዱ እርከን ጉልበቷን ወጋት።

እህቷ ሽርጧን አውልቃ አጣጥፋለች፤ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። የመውጫ ሰዓት ነው፤ መምህራን በግቢው እየተንጫጩ ያልፋሉ፣ ዘበኛው በሩን ይዟል። «እውነቱ ታወቀ» አለቻት እማማ ጭልፋ፤ «ነገ ትመጫለሽ። ነጻ ነሽ።»

«እሺ።»

«ጭንቅላቱ ግን… ከነገ ጀምሮ ከስጎው ጋር ይቀቀል ተብሏል።»

እህቷ የቦርሳዋን ማንገቻ ጠበቅ አደረገች። «ስለ ጭንቅላቱ ማን ነገራቸው?»

«እኔ ነኝ። ጥሩ አደረግሁ ብዬ… አንቺን ላወጣ ብዬ ነው።»

እህቷ ራሷን ነቀነቀች፣ የተረዳች ያህል። ከዚያ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ዚፑን እስከ መጨረሻው ሳበችው፣ በሁለት እጇ ከፍታ እፊቷ ዘረጋችው። መምህራኑ ቆም ቆም አሉ። «ነይ እይ» አለች።

«ተይ እንጂ! ምን ነካሽ? ሰው እያየ!»

«ጠዋትም ሰው አይቷል። እይ።»

«በእናታችን ይዤሻለሁ፣ ዝጊው።»

«በእናታችን አትያዢኝ፣ እትዬ። ልጆቼ እየጠበቁኝ ነው፤ ሳታይ አልሄድም።»

እማማ ጭልፋ ዘበኛውን አየች፤ ዘበኛው ፊቱን አዞረ። መሄጃ አልነበራትም። ጎንበስ ብላ አየች። የተጣጠፈ ሽርጥ፣ ያለቀ ሳሙና፣ አንድ የልጅ ካልሲ። ሌላ ምንም የለም።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

እህቷ ዚፑን ዘጋችው፣ ቦርሳውን አነገተች። «ነገም በዚህ ሰዓት እዚሁ ጠብቂኝ» አለችና ወጣች።